ምንጣፍ እስኪደርቅ የሚዘጋ አዳራሽ ስንት ያስከስራል?

በጥቂት ውኃ የሚካሄድ የምንጣፍ ጽዳት ለማን ያዋጣል?

ሆቴሎች፣ የባንክ ቅርንጫፎች፣ የስብሰባ አዳራሾችና የጉዞ ወኪሎች ወለላቸውን ምንጣፍ ሲያለብሱ በቅድሚያ የሚያሰሉት የመግዣውንና የማስነጠፊያውን ዋጋ ነው። ምንጣፉ ከተነጠፈ በኋላ ግን በየጊዜው የሚከፈል የጽዳት ወጪ ይከተላል። የጽዳት ዋጋ የሚነገረው በካሬ ሜትር በመሆኑ ድርድሩም በዚያው ላይ ያተኩራል። ይሁን እንጂ በደረሰኝ ላይ የማይሰፍር ሌላ ወጪ አለ። እሱም ምንጣፉ እስኪደርቅ ድረስ ቤቱ ያለ ሥራ የሚቆይበት ሰዓት ነው።

ይህንን ሰዓት ለማሳጠር በጥቂት ውኃ የማጽዳት ስልት በሥራ ላይ ይውላል። በዚህ ስልት የጸዳ ምንጣፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ለመረገጥ ይደርሳል። ሆኖም ስልቱ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ሳይታወቅ የሚፈረም ውል ገንዘብ ከማዳን ይልቅ ምንጣፉን ሊያሳጣ ይችላል።

ውኃ ሲበዛ

በሙያው ጥልቅ ጽዳት የሚባለው ሙቅ ውኃና ሳሙና በግፊት ወደ ምንጣፉ ተረጭቶ ወዲያው በማሽን ተመልሶ የሚሳብበት ዘዴ ነው። ከሥር የተቀመጠ ቆሻሻን በማውጣት ረገድ ይህ ዘዴ ተመራጭ ነው። ነገር ግን ማሽኑ የረጨውን ውኃ ሁሉ መልሶ አይስብም። የቀረው እስኪደርቅ ድረስ እንደ አየሩ ሁኔታ፣ እንደ ምንጣፉ ውፍረትና እንደ ሠራተኛው ችሎታ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ተዘግቶ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚከፈት ቢሮ በመካከሉ ያለው 14 ሰዓት ብቻ ነው። ጽዳቱ ራሱ 4 ሰዓት ቢፈጅ ለማድረቂያ የሚተርፈው 10 ሰዓት ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ፣ የአዲስ አበባ አየር እርጥብ፣ ሌሊቱም ቀዝቃዛ በሚሆንበት ወቅት፣ ማሞቂያና የአየር ማዘዋወሪያ በሌለው ሕንፃ ውስጥ ይህ ጊዜ ላይበቃ ይችላል። በማግስቱ ጭቃ የያዘ ጫማ እርጥብ ምንጣፍ ላይ ሲያርፍ ምንጣፉ ከመጽዳቱ በፊት ከነበረው ብሶ ይቆሽሻል። እርጥብ ምንጣፍ ረግጦ ወደ እብነ በረድ ወለል የሚወጣ ደንበኛም ሊንሸራተት ይችላል።

እርጥበት ሲቆይ ጉዳቱ ይከፋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሻጋታን ለመከላከል የራሰ ዕቃ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲደርቅ ይመክራል። ጀርባው ከጁት የተሠራ ምንጣፍ ውኃ ሲበዛበት ሊኮማተርና ላዩ ቡናማ ቀለም ሊያወጣ ይችላል። በቁርጥራጭ ካሬ መልክ የተነጠፈ ከሆነም ውኃው በመጋጠሚያው ሰርጎ ማጣበቂያውን ያላቅቃል። በቢሮዎች ወለል ላይ የሚገጠሙ የኤሌክትሪክ ሶኬቶችም ለአደጋ ይጋለጣሉ።

ሦስቱ ዘዴዎች

በጥቂት ውኃ ማጽዳት ሲባል አንድ ዘዴ ብቻ አይደለም። በሰፊው የሚሠራባቸው ሦስት ናቸው።

አንደኛው ኢንካፕሱሌሽን ይባላል። ፖሊመር ያለበት ፈሳሽ በስሱ ተረጭቶ በብሩሽ ማሽን ይታሻል። ፈሳሹ ቆሻሻውን አቅፎ ይደርቅና ተሰባሪ ቅንጣት ይሆናል። ቅንጣቱም በቀጣዮቹ ቀናት በቫኪዩም ክሊነር ተስቦ ይወጣል። ፈጣንና ብዙ ካሬ ሜትር የሚሸፍን በመሆኑ ለመተላለፊያዎችና ለሰፋፊ ቢሮዎች ይስማማል።

ሁለተኛው ሰጋቱራ የሚመስል ጥቂት እርጥበት የያዘ ማጽጃ ተነስንሶ በብሩሽ ከታሸ በኋላ በቫኪዩም የሚሰበሰብበት ነው። ከሦስቱ ውኃው የሚያንሰው ይኸኛው በመሆኑ እርጥበት ለማይችል ምንጣፍ ይመረጣል። ማጽጃው ከሥር እንዳይቀር ግን በጥንቃቄ መሰብሰብ ይኖርበታል።

ሦስተኛው ቦኔት የሚባለው ሲሆን፣ በሚሽከረከር ማሽን ሥር በተገጠመ ክብ የጨርቅ ንጣፍ ላዩን መጥረግ ነው። ለዓይን ፈጣን ለውጥ ያሳያል። ችግሩ ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ካልተለወጠ ቆሻሻውን ወደ ሥር መግፋቱና የምንጣፉን ጸጉር ማጣመሙ ነው። በዚህም የተነሳ ዘዴውን ለምርቶቻቸው የማይመክሩ የምንጣፍ አምራቾች አሉ።

የደረቀው ቆሻሻ ይቅደም

ከሦስቱ የትኛውም ቢመረጥ የደረቀ አቧራና አሸዋ አስቀድሞ ካልተሳበ ውጤቱ ከንቱ ነው። በምንጣፍ ውስጥ ካለው ቆሻሻ አብዛኛው ደረቅ ነው። ውኃ ሲነካው ጭቃ ይሆናል። ሳይነሳ ሲቀር ደግሞ በእግር ሥር እየተፋጨ ክሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ቫኪዩሙን ዘሎ ወደ ማጠብ የሚሮጥ ሠራተኛ “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” የሚባለው ዓይነት ነው። ሰው በሚበዛበት መተላለፊያ በየቀኑ በዝግታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሳብ፣ በመግቢያውም ላይ ሰው ብዙ እርምጃ የሚራመድበት ረዥም የእግር መጥረጊያ ማንጠፍ ከማንኛውም ኬሚካል የበለጠ ያተርፋል።

በልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና ምንጣፍ ማሸትም በድጋሚ ሊታሰብበት ይገባል። በደንብ ሳይለቀለቅ የሚቀረው ሳሙና ሲደርቅ ስለሚያጣብቅ አዲስ አቧራ ይስባል። ታጥቦ በሳምንቱ የሚጠቁር ምንጣፍ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

ሒሳቡ

ለስሌት ያህል በቀን 40,000 ብር የሚከራይ 300 ካሬ ሜትር አዳራሽ ይወሰድ። ጥልቅ ጽዳቱ በካሬ ሜትር 40 ብር፣ በጥቂት ውኃ የሚሠራው 50 ብር ቢሆን የመጀመሪያው 12,000፣ ሁለተኛው 15,000 ብር ይፈጃል። በዋጋ ብቻ ከታየ የመጀመሪያው በ3,000 ብር ይረክሳል። ነገር ግን ለማድረቅ ሲባል የአንድ ቀን ኪራይ ከቀረ እውነተኛ ወጪው 52,000 ብር ነው። በዓመት አራት ጊዜ የሚጸዳ አዳራሽ ሁሌም ጥልቅ ጽዳት ቢያሠራ 208,000 ብር ያወጣል። ሦስቱን በጥቂት ውኃ፣ አንዱን በጥልቅ ቢያሠራ ግን 97,000 ብር ይበቃዋል።

ይህ ሒሳብ የሚሠራው አዳራሹ በየቀኑ ከተከራየ ነው። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ባዶ የሚውል አዳራሽ በባዶው ቀን ጥልቅ ጽዳት ቢያሠራ የሚያጣው ኪራይ ስለሌለ አራቱም ጊዜ 48,000 ብር ይፈጁበታል። ከዚህ የምንረዳው በጥቂት ውኃ የሚደረገው ጽዳት የሚያዋጣው ጊዜ ለሌለው ድርጅት መሆኑን ነው። ለእሱም ቢሆን ከሥር የሚጠራቀመውን ቆሻሻ ስለማያወጣ ጥልቁን ጽዳት ጨርሶ አያስቀርም፤ የሁለቱን ጊዜ ያራርቃል እንጂ።

ከውል በፊት

ድርጅቶች ውል ከመፈረማቸው በፊት የሚከተሉትን ቢያረጋግጡ ይጠቀማሉ።

ምንጣፉ ከምን እንደተሠራ ይታወቅ። ከማይታይ ጥግ የተነጨ ክር ሲቃጠል እንደ ጸጉር ከሸተተና በጣት የሚደቅ አመድ ከሆነ ሱፍ ነው። ቀልጦ ደረቅ ጠብታ ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው። ሱፍ ኃይለኛ አልካሊ ያለበትን ማጽጃ አይችልም።

ቀለሙ እንደማይለቅ ይፈተሽ። ማጽጃው የነካው ነጭ ጨርቅ በጥግ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ተጭኖ ቢነሳና ቀለም ከያዘ ሥራው ይቁም።

ማጽጃው ይመርመር። የኢንካፕሱሌሽን ፈሳሽ ጥቂት በብርጭቆ ሳህን ላይ ፈስሶ ለአንድ ቀን ይደር። ደርቆ የሚፈረፈር ከሆነ ደህና ነው። የሚያጣብቅ ከሆነ ምንጣፉም ላይ እንዲሁ ያጣብቃል።

በመጨረሻም ውሉ ላይ ከካሬ ሜትር ዋጋ ጎን የዘዴው ስም፣ ከጽዳቱ በፊት በቫኪዩም መሳብ ግዴታ መሆኑና ምንጣፉ የሚደርቅበት ሰዓት በግልጽ ይጻፍ። አጽጂው ሰዓቱን ካላከበረ ኪሣራው የማን እንደሆነ አስቀድሞ ያልተስማማ ባለ አዳራሽ፣ በማግስቱ እንግዶቹን በር ላይ አስቁሞ መከራከር ይጠብቀዋል።