ስለ ሰማያዊ ደንጊያ፤ በውሃ የሚሟሟና የማይሟሟ መዳብ

መዳብ ከሌላ ነገር ጋራ ሲዋሐድ እንደ ተዋሐደው ነገር ጠባዩ ይለወጣል። ከመልኩ የተነሣ ሰማያዊ ደንጊያ የሚባለው የመዳብ ሰልፌት በውሃ ፈጥኖ ይሟሟል፤ ሙቀቱ 20 ዲግሪ የኾነ አንድ ሊትር ውሃ ከ300 ግራም በላይ ያሟማል። የመዳብ ኦክሳይድ፣ ሃይድሮክሳይድና ካርቦኔት ግን በንጹሕ ውሃ አይሟሙም ማለት ይቻላል። በአሮጌ መዳብ ላይ የሚታየውን አረንጓዴ ዝገት ዝናብ የማያጥበው ስለዚህ ነው። ሎሚና ኮምጣጤ ግን ያሟሙታል፤ ቈርቈሮ ባልተቀባ የመዳብ ድስት እንዲህ ያለውን ምግብ ማሳደር አደገኛ ነው።

ይህ ልዩነት ለእርሻ ምን ይረባል ቢሉ፥ በፈረንሳይ አገር በቦርዶ አጠገብ በሜዶክ የኾነውን መመልከት ይበቃል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1878 የወይን ቅጠል የሚያረግፍ ሻጋታ በዚያ አገር ታየ። በመንገድ ዳር ያለውን ወይን መንገደኛ እንዳይቀጥፈው ባለቤቶቹ ሰማያዊ ደንጊያና ኖራ ይረጩበት ነበር። በ1882 ሚላርዴ የሚባል የዕፅዋት መምህር የተረጨው ወይን ቅጠሉን ይዞ፣ ያልተረጨው ረግፎ አየ፤ መርምሮም በ1885 አሠራሩን አሳተመ። ለሌባ የታሰበው ነገር ለበሽታው መድኀኒት ኾነ።

ሰማያዊ ደንጊያ ብቻውን ቢረጭ ቅጠሉን ያቃጥላል። ከኖራ ጋራ ሲገናኝ ግን ወደማይሟሟ መዳብ ተለውጦ በቅጠሉ ላይ ይጣበቃል፤ ጠልና ዝናብ ባረጠበው ቍጥር ጥቂት በጥቂት እየለቀቀ የሻጋታውን ዘር ይገድላል። የድንችን ቅጠል የሚያጠቍረውን በሽታም ይከላከላል፤ አስቀድሞ ይጠብቃል እንጂ የገባውን አይፈውስም።

ለ100 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ሰማያዊ ደንጊያና 1 ኪሎ በውሃ የበረደ ኖራ ይበቃል። ደንጊያው በከረጢት ታስሮ በውሃው አፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ የተሟሟው ውሃ ከባድ ስለ ኾነ ወደ ታች ይወርዳል። ዕቃው የእንጨት ወይም የሸክላ ይኹን፤ ብረት ግን መዳቡን ወደ ራሱ ስቦ ራሱ ይበላል። ከዚያም የመዳቡ ውሃ በሌላ ዕቃ በተበጠበጠው ኖራ ላይ እየተማሰለ በቀስታ ይፈሳል። የጸዳ የቢላዋ ስለት ለአንድ ደቂቃ ተነክሮ ቀይ መዳብ ከያዘ ኖራው አንሷልና ይጨመርበት። ይህን ፈተና የናቀ ሰው የዓመት አዝመራውን በአንድ ቀን ሊያቃጥል ይችላል። የተዘጋጀውም በዚያው ቀን ይረጭ።

ትርፉ ወደ ወንዝ አይደፋ፤ ዓሣ ይገድላል። በግም ከከብት ይልቅ በመዳብ ፈጥኖ ይመረዛልና በተረጨው ማሳ አይሰማራ። መዳብ በአፈር ውስጥ አይበሰብስም፤ ከዓመት ወደ ዓመት ይከማቻል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2019 ጀምሮ በአንድ ሄክታር ላይ በ7 ዓመት ውስጥ ከ28 ኪሎ መዳብ በላይ እንዳይረጭ የወሰነው በዚህ ምክንያት ነው።