የልብስ እጣቢ ወዴት ይሄዳል

ንጹሕ ልብስ ለሰው ክብሩ ነው፤ ጤናውንም ይጠብቅለታል። ነገር ግን ከልብስ የወጣው እድፍ ከምድር ላይ አይጠፋም፤ ከውኃው ጋራ ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል እንጂ።

ቀድሞ ሳሙና ሳይበዛ በደብረ ታቦርና በዙሪያው ባለው አገር ሰዎች ልብሳቸውን በእንዶድ ያጥቡ ነበር። የእንዶድ ፍሬ ደርቆ ከተወቀጠ በኋላ ከውኃ ጋራ ሲመታ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። በዚህ አረፋ ነጩን ኩታ በወንዝ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ያሹታል፤ አለቅልቀውም በሣር ላይ ያሰጡታል። ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራም ውኃውን ይዘው ወደ ጣና ይፈስሳሉ። ከላይ የሚያጥብ ሰው ከታች የሚቀዳውን አያየውም።

እጣቢ ከእጅ ከወጣ በኋላ ሥራውን እንደማያቆም ያስተዋለ አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ነበር፤ ስሙም ዶክተር አክሊሉ ለማ ይባላል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዓመት በዓድዋ ሳለ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ። ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ ወደ ሰው የሚደርሰው በውኃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ነው። ስለዚህ ሊቁ እንዶድን ብዙ ዘመን መረመረ፤ በ1989 ዓመትም ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። በዚያ ወንዝ እጣቢው የገደለው የሚጎዳውን ነው፤ በሌላ ስፍራ ግን የሚጠቅመውን ይገድላል።

ይህም ስፍራ በከተማ ቤት ያለው ጉድጓድ ነው። ቧንቧ የገባለት ቤት እጣቢውን ከመጸዳጃው ፍሳሽ ጋራ ሴፕቲክ ታንክ ወደሚሉት ጉድጓድ ይሰድዳል። ጉድጓዱ በሲሚንቶ የተሠራና የተከደነ ነው። አሠራሩን ለማወቅ የጠላ ጋን መመልከት ይበቃል። በጋን ውስጥ አተላው ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ጠላውም ከላይ ይጠራል። በጉድጓዱም ውስጥ ከባዱ እድፍ ይዘቅጣል፥ ስቡ ይንሳፈፋል፥ በመካከል ያለው ውኃ ወጥቶ ቀስ በቀስ ወደ መሬት ይሰርጋል። ጋኑን የነቀነቀ ሰው ግን ጠላውን ከነአተላው ይቀዳል። እንደዚሁም የሳምንቱን ልብስ ሁሉ በአንድ ቀን አጥቦ ውኃውን በአንድነት የለቀቀ ሰው ጉድጓዱን ያናውጠዋል፤ አተላውም ወጥቶ ውኃ የሚሰርግበትን መሬት ይደፍነዋል። አንድ ጊዜ የተደፈነ መሬት በቀላሉ አይከፈትም።

ደግሞም በጉድጓዱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን አሉ፤ እነርሱም እንደ እርሾ ናቸው። እርሾ ሊጡን እንደሚያቦካ፥ እነርሱ እድፉን እየበሉ ያሳንሱታል። ጥቂት በረኪና አያጠፋቸውም፤ ልብስ ይነጣልኝ ብሎ በረኪናን በብዛት የሚያፈስስ ሰው ግን እርሾውን ይገድላል፥ ጉድጓዱም ቶሎ ይሞላል። ብርድ ደግሞ ሥራቸውን ያዘገየዋል፤ ደብረ ታቦርም ደጋ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው የቡሄ ሰሞን ነው። የደብረ ታቦር በዓል በነሐሴ 13 ቀን ይውላል፤ በዚያ ጊዜ መሬቱ የክረምቱን ዝናም ጠጥቶ ጠግቧል፤ ዋልካ ከሆነማ ጭራሹን ውኃ አያሰርግም። ሰውም ሁሉ በዋዜማው ነጭ ልብሱን ያጥባል። በላይኛው ቤት አንዲት እናት ይህን አደረገች እንበል። በማግስቱ የታችኛይቱ ጎረቤት መጥታ፥ «እትዬ፥ የጉድጓድዎ ውኃ ከደጃፌ ወጥቷል፤ ልጆቼም በዚያ ይጫወታሉ» ብትላት ምን ትመልሳለች? ያ ውኃ የተቅማጥና የታይፎይድ በሽታ ዘር ይዞ ሊሆን ይችላል፤ የጕድጓድ ውኃ የሚቀዱ ሰዎች በአጠገቡ ካሉም መጠጣቸውን ያበላሻል።

እንግዲህ ልብሱን ከበዓሉ አስቀድሞ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አድርጎ ማጠብ ይሻላል። እጣቢው ሲፈስስ በወንፊት ቢያልፍ ክሩና ብናኙ ይቀራል። በበጋም የመጨረሻውን ማለቅለቂያ፥ በረኪና የሌለበት ከሆነ፥ በባሕር ዛፍ ሥር ማፍሰስ ይቻላል፤ ጥሬውን በሚበላ አትክልት ላይ ግን አይፈስስም። ጋቢው እንደ ሆነ በነሐሴ ጉም በአንድ ቀን አይደርቅም፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚታጠበው እርሱ ነው።