የሆስፒታሉ ወንበርና የመወዳደሪያው ወንበር

እንደሚታወቀው ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ሜዳልያ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ፣ የክንድ ጉዳት ባለው በወንድዬ ፍቅሬ አማካይነት ነው። ከዚያ በኋላ ታምሩ ደምሴ በ2016 በሪዮ ብር፣ ትዕግስት ገዛኸኝ በ2021 በቶኪዮ የመጀመሪያውን ወርቅ አስገኝተዋል፤ ሁለቱም የማየት ችግር ያለባቸው ሯጮች ናቸው። እስከ 2024ቱ ፓሪስ ድረስ የተገኙት ሜዳልያዎች በሙሉ የ1500 ሜትር፣ በሙሉም በእግር የተሮጡ ናቸው። በተሽከርካሪ ወንበር የተገኘ አንድም የለም። ተሰጥኦ የጉዳት ዓይነት መርጦ አይታደልምና ምክንያቱን በመሣሪያው ላይ እንፈልግ።

በተለመደው የሆስፒታል ወንበር የትልቁ ጎማ ሬዲየስ 30፣ እጅ የሚገፋው ቀለበት ደግሞ 27 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ባለ ሦስት ጎማው የመወዳደሪያ ወንበር ግን የጎማው ሬዲየስ 35፣ የቀለበቱ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጎማውና ቀለበቱ አብረው ስለሚዞሩ የቀለበቱ ጠርዝ ፍጥነት ከወንበሩ ፍጥነት የሚያንሰው በሁለቱ ሬዲየሶች ንጽጽር ልክ ነው።

ስዊዘርላንዳዊው ማርሴል ሁግ እ.ኤ.አ. በ2021 በጃፓን ኦይታ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ሲጨርስ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 9 ሜትር ነበር። በዚህ ፍጥነት የመወዳደሪያው ቀለበት በሰከንድ 4.6 ሜትር ሲጓዝ የሆስፒታሉ 8.1 ሜትር ይጓዛል። እጅ ይህን ተከትሎ ሊገፋ አይችልም፤ ነክቶት ያልፋል እንጂ። ስለሆነም የሆስፒታል ወንበር የተሰጠውን ወጣት «ተለማመድ» ማለት በአንደኛ ማርሽ ብቻ በሚሄድ መኪና እሽቅድምድም ግባ እንደማለት ነው።

ትርፉ ግን ያለ ዋጋ አይገኝም። ትንሹ ቀለበት ወደ መሬት የሚያስተላልፈው ከእጁ ጉልበት ግማሽ ያህሉን ብቻ በመሆኑ መነሻው ይከብዳል። የአጭር ርቀት ተወዳዳሪዎች ሰፋ ያለ ቀለበት የሚመርጡትም ለዚህ ነው። መቀመጫውም እንደ ልብስ በባለቤቱ ልክ የሚሠራ በመሆኑ ለሌላ ሰው የተሠራ የእርዳታ ወንበር ብዙም አይጠቅምም።

የአየር ተቃውሞ በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ በዚህ ፍጥነት ዋናው ተቀናቃኝ እርሱ ነው። የአዲስ አበባ አየር እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ኦክስጅኑ ቢቀንስም ለጎማ ስፖርት ከተማችን መጥፎ ቦታ አይደለችም!

የሚከፋው የስታዲየሙ በር ነው። ወንበሩና ሰውየው በድምሩ 85 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ በየ12 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ የሚል መወጣጫ ላይ ሰበቃን ሳንቆጥር 69 ኒውተን ይበቃል። በየ4 ሜትሩ 1 ሜትር የሚነሣ ከሆነ ግን 202 ኒውተን፣ ማለትም 20 ኪሎ ግራም የማንሳት ያህል ያስፈልጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ከዚያ ወዲህም ለይስሙላ የተገነቡ፣ ማንም ብቻውን የማይወጣቸው መወጣጫዎች አይቻለሁ።

ወንበሩን እዚሁ መሥራት ይቻላልን? ለልምምድ የሚሆነውን፣ በእኔ ግምት፣ አዎን። ጎማው ከኮርሳ ብስክሌት ጎማ ጋር በመጠን ይመሳሰላል፤ ክፈፉም የቱቦ ብየዳ ነው። አስቸጋሪው አክሰሉ ነው፤ የብስክሌት ጎማ በሁለት ጎን ሲታቀፍ የወንበሩ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚያዝ አክሰሉ የመታጠፍ ጫናን ለብቻው ይሸከማል። ይህንንም ጥሩ ቶርኖ ያለው የዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ አያቅተውም።