ልጅ ሲያጠፋ ቀኑ እንዴት ይቆጠራል?

በአምደወርቅ ዙሪያ ፍየል የሚጠብቁ ልጆች በውሃ ተራ ተጣሉ እንበል። አንዱ ድንጋይ ወረወረና የሌላውን ግንባር ፈነከተው። የወረወረው ልጅ 12 ዓመቱ ነው። የተፈነከተው ልጅ አባት «ታስሮ ይደር» ይላል፤ የወረወረው ልጅ አባት ደግሞ ሽማግሌ ይልካል። ሕጉ ምን ይላል?

መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕድሜ ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወንጀል ሕግ፣ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ቤተሰቡ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም አሳዳጊው ያርመዋል። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው በአዋቂ ቅጣት አይቀጣም፤ እንደ ተግሣጽና ክትትል ያለ ልዩ እርምጃ ነው የሚወሰድበት። ከአዋቂ እስረኛ ጋርም አይታሰርም። የሚታየው ጥፋቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው። የልደት ወረቀት ከሌለ ልጁ ክርስትና የተነሣበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ጥሩ ምስክር ነው።

አዋቂ ሰው ሲያዝ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ አይታሰብም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ለልጅ ሰዓት አልቆጠረም። ወዲያውኑ ቅርብ ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ይወሰድ ነው ያለው። ለደሃና ገበሬ ይህ አምደወርቅ ማለት ነው። የሚወስደው ፖሊስ ብቻ አይደለም፤ ወላጅም ሆነ ከሳሽ ሊወስደው ይችላል። ጉዳዩ ከተቀጠረ ልጁ ለወላጁ ወይም ለዘመዱ ይሰጣል፤ ዘመድ ከሌለ ለታመነ ሰው። ነገሩም በአደባባይ ሳይሆን በዳኛው ክፍል፣ ልጁ እንዳይደነግጥ ቀለል ባለ አነጋገር ይሰማል።

አሁን ወደ ሽምግልናው እንምጣ። ይኸው የ1954ቱ ሕግ ዕርቅን አልናቀም። አጥቢያ ዳኛ ስድብን፣ ቀላል ድብደባን፣ ከ5 ብር የማይበልጥ ስርቆትን በስምምነት እንዲጨርስ ፈቅዶ ነበር። የዚያን ጊዜ 5 ብር እንደዛሬው አልነበረም!

ችግሩ ሽማግሌ ቀጠሮ ማብዛቱ ነው። «ከአጨዳ በኋላ»፣ «ከጥምቀት በኋላ» እየተባለ ጊዜ ይሄዳል። ቀላል ድብደባ ተጎጂው ካልከሰሰ አይታይም፤ አቤቱታውም ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ባወቀ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሦስት ወር ካለፈ መክሰስ አይቻልም። ሽማግሌ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ልጆቹ ነገም በዚያው ውሃ መገናኘታቸው አይቀርም። ግን ሽማግሌው ሲቀመጥ የመጨረሻው ቀን ይታወቅ። ዓይን ቢጠፋ ወይም እጅ ቢሰበር ነገሩ ሌላ ነው፤ ከባድ ጉዳት በዕርቅ ብቻ አይዘጋም፤ ዐቃቤ ሕግ ሊከስ ይችላል።

እንግዲህ መጻፍ ተምራችኋልና ቀኑን በደብተር ያዙት። ድንጋዩ ጥቅምት 5 ቀን ተወርውሮ ያን ዕለት ወርዋሪው ከታወቀ፣ ኅዳር 5 አንድ፣ ታኅሣሥ 5 ሁለት፣ ጥር 5 ሦስት ወር ይሞላል። ሽማግሌዎቹ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ካልጨረሱ፣ አቤቱታው ወደ አምደወርቅ ይሂድ፤ ዕርቁ ከዚያ በኋላም ሊቀጥል ይችላል።