የግራና ቲማቲምና የሞባይል ስልክ፦ ዲጂታል ቴክኖሎጂ ለዘላቂ የአቅርቦት ሰንሰለት

መግቢያ

በሰሜን ወሎ፣ በሐብሩ ወረዳ የሚገኘው ግራና ስሙ ከመስኖ ጋር ተያይዞ የሚነሣ ሥፍራ ነው። ከቆቦ እስከ ግራና ያለው ሸለቆ የወንዝና የከርሰ ምድር ውኃን ለእርሻ ለማዋል በቆቦ–ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ሥር ለዓመታት ሲለማ ቆይቷል። ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ከሚመረቱት ሰብሎች መካከል ናቸው። የአካባቢው ምርት ወደ መርሳና ወልድያ ገበያ ይወጣል፤ ከዚያ አልፎ በደሴ መስመር አዲስ አበባ ለመድረስ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጓዛል።

አንድ ምርት ከዘርና ከማሳ ተነሥቶ በሰብሳቢው፣ በጫኙ፣ በጅምላ ሻጩና በቸርቻሪው በኩል ወደ ተመጋቢው የሚደርስበት መንገድ በሙሉ የአቅርቦት ሰንሰለት ይባላል። ሰንሰለቱ ዘላቂ ነው የሚባለው የዛሬውን ፍላጎት ሲያሟላ የነገውን ውኃ፣ አፈርና የገበሬውን ኑሮ የማያሟጥጥ ሲሆን ነው። በዚህ ጽሑፍ ዲጂታል ቴክኖሎጂ ለዚህ ዓላማ ምን ሊረዳ እንደሚችል፣ ምንስ ብቻውን ሊያደርግ እንደማይችል በአንድ የቲማቲም ጭነት ምሳሌነት እንመለከታለን።

ቲማቲም ከተለቀመ በኋላም ይተነፍሳል

የተለቀመ ቲማቲም ሕይወቱ አላበቃም። ኦክስጅን እያስገባ፣ በውስጡ ያለውን ስኳር እያቃጠለ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃና ሙቀት ያወጣል። ኢትሊን የተባለው ጋዝ ደግሞ የራሱንና የጎረቤቱን ፍሬ መብሰል ያፋጥናል። የአካባቢው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሽየስ ሲጨምር የዚህ ሂደት ፍጥነት በግምት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ በቆላ ፀሐይ ሥር መኪና ሲጠብቅ የዋለ ሣጥን ያጣው አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ በቀዝቃዛ ሥፍራ ሊቆይ ይችል የነበረውን ሁለትና ሦስት ቀን ጭምር ነው።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ከሚመረተው ምግብ በዋጋ ሲሰላ 14 በመቶ ያህሉ ከአዝመራ በኋላ ችርቻሮ ሱቅ ሳይደርስ ይጠፋል። አትክልትና ፍራፍሬ ከእህል ይልቅ ለዚህ ጉዳት የተጋለጡ ናቸው።

ከፍሬው ጋር የሚጣለው ውኃ

ብልሽት ሲነሣ ዓይናችን የሚያየው የተጣለውን ፍሬ ነው። ፍሬውን ለማብቀል የፈሰሰው ውኃ ግን አይታይም። የውኃ አሻራ አጥኚዎች እንዳሰሉት አንድ ኪሎ ቲማቲም ለማምረት በዓለም አማካይ 214 ሊትር ያህል ውኃ ያስፈልጋል። አሃዙ ዝናቡን፣ መስኖውንና በምርቱ ምክንያት የሚፈጠረውን ብክለት ለማቅጠን የሚያስፈልገውን ውኃ ያጠቃልላል፤ እንደየአካባቢውም ከፍ ዝቅ ይላል።

አንድ አይሱዙ መኪና 50 ኩንታል ማለትም 5,000 ኪሎ ቲማቲም ጫነ እንበል። በመዘግየት ምክንያት አንድ አምስተኛው ቢበላሽ 1,000 ኪሎ ይጣላል።

1,000 × 214 = 214,000 ሊትር

ይህም ባለ 20 ሊትር 10,700 ጀሪካን ማለት ነው። ውኃው ከጉድጓድ በፓምፕ የወጣ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ወይም ናፍጣው አብሮ ባክኗል። ማዳበሪያው፣ ጉልበቱና መኪናው ያቃጠለው ነዳጅም እንዲሁ። እንግዲህ በግራና ብልሽትን መቀነስ ማለት አዲስ ጉድጓድ ሳይቆፈር ውኃ ማግኘት ማለት ነው።

መረጃ ከዕቃው ቀድሞ ሲደርስ

ማቀዝቀዣ መጋዘን ጠቃሚ ቢሆንም ውድ ነው። በአንጻሩ መረጃ ክብደት የለውም፤ ከጭነቱ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ለዚህ በጥናት የተረጋገጠ ማስረጃ ከሕንድ የኬረላ የባሕር ዳርቻ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 ድረስ የሞባይል ስልክ ወደ አካባቢው ሲገባ ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ጄንሰን የዓሣ ገበያዎችን ተከታትሎ ነበር። ስልክ ከመግባቱ በፊት በአንድ ወደብ ገዢ ያጣ ዓሣ ሲደፋ፣ በ15 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ደግሞ ዓሣ ያጡ ገዢዎች ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር። ከዕለቱ ዓሣ ከ5 እስከ 8 በመቶ ይባክን ነበር። ዓሣ አጥማጆች ከባሕር ላይ እየደወሉ ወደብ መምረጥ ሲጀምሩ ብክነቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ። በ2007 በታተመው ጥናት መሠረት የአጥማጆቹ ትርፍ በ8 በመቶ ሲጨምር ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ በ4 በመቶ ቀነሰ።

በአገራችንም ተመሳሳይ እርምጃዎች ተወስደዋል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የግብይት ዋጋን በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ፣ በአጭር መልእክትና በስልክ መስመር ለገበሬው ማሰማት ጀመረ። በ2006 ዓ.ም. ለገበሬዎች የግብርና ምክር የሚሰጠው 8028 የስልክ መስመር ተከፈተ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌብር ሥራ በመጀመሩ ክፍያ በስልክ መፈጸም ተስፋፋ። ሆኖም የምርት ገበያው አሠራር ደረጃ የወጣለት ምርት በመጋዘን ተቀምጦ ደረሰኙ የሚሸጥበት ነው። ቡና፣ ሰሊጥና ማሾ መጠበቅ ይችላሉ፤ ቲማቲም አይጠብቅም።

የዛሬ ዋጋ የነገን ምርት አይናገርም

እንግዲያው ለግራና ገበሬ የአዲስ አበባን የዕለት ዋጋ በስልክ ብንነግረው ችግሩ ይፈታልን? በከፊል ብቻ። የኬረላው አጥማጅ ዋጋውን ሰምቶ የሚወስነው የዚያኑ ዕለት ነው። የቲማቲም ገበሬ ግን ዛሬ የተከለውን የሚለቅመው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ሁሉም የዛሬውን ውድ ዋጋ ሰምተው ቢተክሉ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይለቅማሉ። እ.ኤ.አ. በ1934 ኢኮኖሚስቱ ኒኮላስ ካልዶር ይህን ዓይነቱን የዋጋ መዋዠቅ በሥዕል ሲነደፍ ከሚሰጠው መልክ በመነሣት የሸረሪት ድር ብሎ ሰይሞታል።

በምናባዊ ቁጥር እንፈትነው። በሳምንት ገበያ የሚገባው ጭነት ‹ብ›፣ የአንድ ኪሎ ዋጋ በብር ‹ዋ› ይሁን። ጭነት ሲበዛ ዋጋ ስለሚወርድ፣

ዋ = 60 − 2 × ብ

ገበሬዎችም በዛሬው ዋጋ ተመርተው ለመጪው ወቅት ‹ዋ ÷ 2› ጭነት ይተክላሉ እንበል። ዋጋው 40 ብር ቢሆን 20 ጭነት ይተከላል፤ በአዝመራው ዋጋው ወደ 20 ብር ይወድቃል። በዚህ የተደናገጡት 10 ጭነት ብቻ ይተክላሉ፤ ዋጋው እንደገና 40 ይሆናል። 40፣ 20፣ 40፣ 20 እያለ ያለ ማቋረጥ ይቀጥላል። በረከሰው ወቅት ፍሬው የለቀማና የመኪና ወጪውን እንኳ ስለማይሸፍን ማሳ ላይ ይቀራል።

አሁን ከገበሬዎቹ ግማሾቹ በሸለቆው ጠቅላላ ምን ያህል እንደሚተከል አውቀው ገበያው በሚመጥነው መጠን፣ ማለትም በ15 ጭነት ስሌት ድርሻቸውን ቢተክሉ፣ የዋጋው ጉዞ 40፣ 25፣ 32.50፣ 28.75 እያለ ወደ 30 ብር ይጠጋል። መዋዠቁ በየወቅቱ በግማሽ ይቀንሳል። ማንም አልታዘዘም፤ የተለወጠው የሚታየው ነገር ብቻ ነው።

የተከላ መዝገብ

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ የተወሳሰበ አይደለም። ገበሬው የሰብሉን ዓይነት፣ የማሳውን ስፋትና የተከለበትን ቀን በአጭር መልእክት ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ይልካል። አንድ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ሠንጠረዥ በእያንዳንዱ ቀን ላይ ሰብሉ የሚደርስበትን ጊዜ ደምሮ፣ በየሳምንቱ የሚጠበቀውን ጭነት ያሰላል። ውጤቱ ገና ያልተከሉትን ያስጠነቅቃል፤ የተከሉትን ደግሞ መኪና አስቀድሞ ለመቅጠር ያስችላቸዋል። እግረ መንገዱንም ባዶውን የሚመለስ መኪና ጭነት እንዲያገኝ ይረዳል። በዚሁ ወረዳ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልና የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ስሌት ለመፈተሽ ቅርብ ናቸው።

መዝገቡን ለማመሳከር ሳተላይት ይረዳል። የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነን መሬት እንደ አንድ ነጥብ የሚያሳዩ ምስሎችን በየአምስት ቀኑ ገደማ ያነሣሉ፤ ምስሎቹም በነጻ ይገኛሉ። ሩብ ሄክታር የሆነች አንዲት ጥማድ 25 ነጥብ ትሆናለች። ጤናማ ቅጠል ቀይ ብርሃንን ስለሚመጥና ለዓይን የማይታየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ጨረር ስለሚያንጸባርቅ፣ ከሁለቱ ልዩነት የለማው ማሳ ይለያል። መስኖ በበጋ መሆኑም ይጠቅማል፤ ሰማዩ ከክረምቱ ይልቅ ከደመና የጠራ ነው። ይሁን እንጂ ሳተላይት ቲማቲሙን ከሽንኩርቱ በቀላሉ አይለይም። ስለዚህ የገበሬው መልእክት መተኪያ የለውም።

ሦስት ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ መረጃው ለማን ይታያል? ብዙ ምርት በአንድ ሳምንት እንደሚደርስ ደላላው ብቻ ቢያውቅ ዋጋ ለመስበር ይጠቀምበታል። ስለዚህ የግለሰብ ማሳ ሳይገለጥ ድምሩ ለሁሉም በአንድ ጊዜ መነገር አለበት። ሁለተኛ፣ መስመር ይቋረጣል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ባዳረሰ ጊዜ ኤሌክትሪክና ስልክ ጠፍተው ነበር። በኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመ ሥርዓት በዚያን ጊዜ ዋጋ አይኖረውም፤ በተራ ስልክ የሚሠራ፣ በወረቀትም የሚገለበጥ ሊሆን ይገባል። ሦስተኛ፣ መረጃ መንገድን፣ ጥላንና ሣጥንን አይተካም። ጭነቱ የሚደርስበትን ሰዓት ማወቅ የሚጠቅመው ፍሬው በጥላ ሥር፣ በማይጨፈልቅ ሣጥን ሲጠብቅ ነው።

ማጠቃለያ

የአቅርቦት ሰንሰለት የሚባክነው በመጨረሻው ጫፍ ቢመስልም ብክነቱ የሚወሰነው ብዙ ቀደም ብሎ፣ በተከላው ቀን ነው። የዲጂታል ቴክኖሎጂ ትልቁ አገልግሎት የተበላሸውን መቁጠር ሳይሆን ውሳኔው ገና ሊለወጥ በሚችልበት ሰዓት አብረው የሚተክሉ ጎረቤታሞችን ማስተያየት ነው። በግራና ሸለቆ ይህ የገበሬው ገቢ ጉዳይ ነው፤ ደግሞም ከጉድጓድ ወጥቶ የማይመለስ የውኃ ጉዳይ ነው።

መልመጃ

1. ከላይ በተሰጠው ቀመር ከገበሬዎቹ አንድ አራተኛው ብቻ መዝገቡን ቢከተሉ ከ40 ብር የሚነሣው ዋጋ በተከታዮቹ ሦስት ወቅቶች ስንት ይሆናል? መዋዠቁ ከግማሹ ሁኔታ ይልቅ ለምን ዘገየ?

2. በአካባቢዎ የሚመረት አንድ ቶሎ የሚበላሽ ምርት ይምረጡ። ከማሳ እስከ ገበያ ያሉትን ደረጃዎች ዘርዝረው፣ በየትኛው ላይ የአንድ ቀን ቀድሞ ማወቅ ብዙ ብክነት እንደሚያስቀር ያመልክቱ።