ያልተቀረጸ ዜማ ባለቤት አለውን?

ባለፈው ዓመት በግቢያችን አዳራሽ በተደረገው የባህል ምሽት አንድ አዝማሪ ተጋብዞ ነበር። ስለ ምግብ ቤታችን ሽሮ፣ ስለ ፈተናችንና ስለ ባዶ ኪሳችን እዚያው የፈጠረውን ግጥም በመሰንቆው እያጀበ ሲያወርድ አዳራሹ በሣቅ ተናወጠ። ብዙዎቻችን የእጅ ስልካችንን አውጥተን ቀረጽን፤ «ጋሼ፣ ልቅረጽ?» ብሎ የጠየቀ ግን አንድም አልነበረም። ቀረጻው በሳምንቱ ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፈ። ከወር በኋላ አዝማሪው ያንኑ ግጥም በሚሠራበት ቤት ቢያወርድ አንድ እንግዳ፣ «ይህንማ ከስልክ ሰምተነዋል፤ የራስህ የለህም ወይ?» አለው። ይህን እርሱ ራሱ ሲነግረን አፍረን ዝም አልን። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ያ እፍረት ነው።

ለመሆኑ የወሰድንበት ነገር ምንድን ነው? መሰንቆው ከእጁ አልወጣም፤ የተዋዋለው ገንዘብም ተከፍሎታል። ነገሩን ለመረዳት ድርሰትንና ክዋኔን መለየት ያስፈልጋል። ድርሰት የተጻፈው ግጥም ወይም የተቀመረው ዜማ ነው። ክዋኔ ደግሞ ያ ዜማ በአንድ ሰው ድምፅና ጣት፣ በአንድ ሰዓትና ቦታ ሕይወት ሲያገኝ ነው።

የደራሲ መብት ረዘም ያለ ዕድሜ አለው፤ የበርን ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1886 ነበር። ከዋኙ ግን ለብዙ ጊዜ ተረስቶ ቆየ። ምክንያቱም የጥንት ዘፋኝ ድምፅ ከምሽቱ ጋር አብሮ ስለሚጠፋ ሌባ አያሰጋውም ነበር። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ከሠራ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጣችው ሕግ ከዋኙ በጽሑፍ ሳይፈቅድ ክዋኔውን በሸክላ መቅረጽን ወንጀል አደረገች። እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመው የሮማ ስምምነትም ከዋኙ ያልተቀረጸ ክዋኔውን ያለ ፈቃዱ እንዳይቀርጹበት የመከልከል ዕድል ሰጠው።

በአገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ደራሲው መብት ደንግጎ ነበር። የከዋኙን መብት በሰፊው ያወጀው ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ያልተቀረጸ ክዋኔ እንዲቀረጽ የመፍቀድ መብት የከዋኙ ነው፤ ጥበቃውም 50 ዓመት ይዘልቃል።

እዚህ ላይ የአዝማሪው ጉዳይ ከሌላው ይለያል። በዚሁ አዋጅ አንድ ሥራ በድርሰትነቱ እንዲጠበቅ ወጥ ከመሆኑም በላይ የተጻፈ ወይም የተቀረጸ መሆን አለበት። በሸክላ የታተመ ዘፈን ያለው ድምፃዊ ያለ ፈቃዱ ቢቀረጽም ድርሰቱ ሌላ ዘበኛ አለው። እዚያው ፈጥሮ እዚያው ለሚያወርደው አዝማሪ ግን ግጥሙ ከአፉ በወጣባት ደቂቃ ያለው ዋና ጋሻ ይህ የከዋኝ መብት ብቻ ነው። እኛም በስልካችን የሰበርነው ይህንኑ ጋሻ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «ባይቀረጽ ኖሮ ጠፍቶ ይቀር አልነበረምን?» ይሉናል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። የኒው ዮርኩ የሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት የመጻሕፍት ክፍል ኀላፊ ላዮኔል ማፕልሰን እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1903 በሰም ሲሊንደር የቀረጻቸው ድምፆች ባይኖሩ ኖሮ የዚያ ዘመን መድረክ ምን ይመስል እንደነበር በጆሮ ለማወቅ ባልተቻለ ነበር። ነገር ግን ለመታሰቢያ ማስቀመጥና ለሕዝብ መበተን አንድ አይደሉም። ሕጉም ቢሆን ለዜና ዘገባና ለትምህርት የተወሰነ በር ትቷል። ከዚህም ሁሉ በላይ ከዋኙ ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ሳለ መጠየቅ የሚፈጀው አንድ ቃል ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። መድረክ ላይ ለመውጣት መስማማት ለመቀረጽ መስማማት አይደለም፤ ለመቀረጽ መስማማትም ለመሰራጨት ወይም ለመሸጥ መስማማት አይደለም። ሦስቱ የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ከእያንዳንዱ ምሽት በፊት ከከዋኙ ጋር አንዲት ገጽ ወረቀት ይፈረም፤ ይቀረጽ እንደሆነ፣ ማን እንደሚቀርጽ፣ ለምን ጥቅም እንደሚውልና የት እንደሚቀመጥ ይጻፍባት። ከተቀረጸም አንድ ቅጂ ለራሱ ለከዋኙ ይሰጠው። የመድረኩ መሪም ፈቃዱ ምን እንደሆነ ምሽቱ ሳይጀመር ለታዳሚው ይንገር።

ያ አዝማሪ ዘንድሮም እንዲመጣ ጠይቀነዋል። «እመጣለሁ፤ ግን አዲስ ግጥም አወርድ እንደሆነ ስልካችሁን አይቼ ነው» ብሎናል። መልሱ በእኛ እጅ ነው።