ዝምታና ሰብር አንድ አይደሉም



ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ሮቢት ላይ የቀረበልኝ አንድ ጥያቄ ነው። ሮቢት ስል ሸዋ ሮቢትን ማለቴ አይደለም፤ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለችውን፣ የራያ ቆቦዋን ሮቢት ነው። ከዒሻ ሰላት በኋላ መስጂድ ደጃፍ ተቀምጠን ስናወጋ ስለ ጊዜው ብዙ ተነሣ። አንድ ሸምገል ያሉ አባት ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ልጄ፣ እኛ እኮ ሰብር አድርጉ ነው የተባልነው። ታዲያ ዝም ብንል ምን ጥፋት አለው?» አሉኝ። ያን ማታ የሰጠኋቸው መልስ እኔን ራሴንም አላረካኝም። አሁን ልሞክር።

ሰብር በቁርኣን ውስጥ ጎልቶ ከሚታይባቸው ታሪኮች አንዱ የነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) ነው። ልጃቸውን ባጡ ጊዜ መልካም ትዕግሥትን መረጡ። ነገር ግን እኚሁ ታጋሽ አባት፣ በዚያው በሱረቱ ዩሱፍ፣ ልጆቻቸውን ሄዳችሁ ዩሱፍንና ወንድሙን ፈልጉ፣ ከአላህ እዝነት ተስፋ አትቁረጡ ብለው ላኳቸው። ሰብራቸው ከፍለጋ አላገዳቸውም። የልጃቸው የዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ነገር ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ባልሠሩት ጥፋት ለዓመታት ታስረው፣ በመጨረሻ ንጉሡ አምጡልኝ ብሎ መልእክተኛ ሲልክ ተስፈንጥረው አልወጡም። በመጀመሪያ የእነዚያ እጃቸውን የቆረጡ ሴቶች ጉዳይ ይጣራ ብለው መልእክተኛውን መለሱት። የእስር ቤቱ በር ተከፍቶ ሳለ የጠየቁት ምርመራ ነበር። ዛሬ የሕግ ሰዎች ፍትሕ የማግኘት መብት የሚሉት ይህንኑ ነው። ታጋሹ ነቢይ መብታቸውን ጠየቁ፤ መጠየቃቸውም ሰብራቸውን አላጎደለባቸውም።

ዝምታ ምን እንደሚያስከፍል ለማወቅ የራያ ሰው መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም። በ1965 ዓ.ም. ራብ ወሎን ሲመታ ይህ ቆላ እጅግ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። ዝናቡ ከዳ፣ ከብቱ አለቀ፣ ሕዝቡ ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ምግብ ለመነ። በዚያው መንገድ ባለሥልጣኑም ነጋዴውም ያልፍ ነበር። አገሪቱ ጋዜጣ አጥታ አልነበረም፤ አዲስ ዘመን በየዕለቱ ይታተም ነበር። ነገር ግን ራቡ እንዲነገር አልተፈለገም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያነሧቸውን ፎቶግራፎች በግቢያቸው አሳዩ። ከዚያም ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በጥቅምት 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን ያቀረበው ፊልም ጉዳዩን ለዓለም አወጣው። ያ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነው። እስከዚያ ድረስ የሞተው ሞቶ ነበር፤ የሟቾቹን ቁጥር እስከ 200 ሺህ የሚያደርሱት አሉ።

ይህን ራብ በጥልቀት ያጠናው ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደተጠበቀው እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የሚጫን እህል እንደነበረ ጽፏል። ገበሬው ያጣው መግዣውን ነው። በኋላም ይኸው ሊቅ ነፃ ጋዜጣና ተጠያቂ መንግሥት ባለበት አገር ከባድ ራብ እንደማይከሰት ተከራክሯል። እንግዲህ የመናገር መብት የከተማ ምሁራን ቅንጦት ነው ለሚሉን ወገኖች የራያ ቆላ መቃብሮች መልስ አላቸው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በ2001 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ልዩነት ሁለት አዋጆች ወጡ። አንደኛው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ነው፤ በሰብአዊ መብት ላይ የሚሠራ ማኅበር ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ከለከለ። ሁለተኛው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ነው። እኔ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ሁለተኛው አዋጅ ሲጸድቅ በሬዲዮ ሰማሁ፤ ሻዩንም ጠጥቼ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ይህ የፖለቲከኞች ጉዳይ ነው አልኩ። ከጓደኞቼም በሌላ መንገድ ያሰበ አላስታውስም። «ነግ በኔ» የሚለውን አባባል ልጆች ሳለን ሁላችንም ሰምተናል፤ ያን ቀን ግን አንዳችንም ትዝ አላለንም።

የመጀመሪያው አዋጅ በሥራ ላይ ሲውል የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ የባንክ ገንዘቡ ታገደበት፣ ከ12 ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶቹ 9ኙን ዘጋ። ሁለተኛው በ2003 መጨረሻና በ2004 መጀመሪያ ጋዜጠኞችን መልቀም ጀመረ፤ ርዕዮት ዓለሙን፣ ውብሸት ታዬን፣ እስክንድር ነጋን። ሐምሌ 6 ቀን 2004 እስክንድር 18 ዓመት ተፈረደበት። በዚያው ሐምሌ ወር፣ በአወሊያ የተነሣውን የሙስሊሙን ጥያቄ ለመንግሥት እንዲያቀርቡ ሕዝበ ሙስሊሙ የመረጣቸው የኮሚቴ አባላት ታሰሩ። የ«ሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት ዋና አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸው የተያዘው ሐምሌ 13 ነው፤ ከእስክንድር ፍርድ ልክ በሳምንቱ! ክሱ የተመሠረተው እኛ ሻይ እየጠጣን ባሳለፍነው አዋጅ ነው። ጉዳዩ ገና በፍርድ ቤት ሳለ በ2005 ዓ.ም. የመንግሥት ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሐረካት» ብሎ ፊልም ሠራባቸው። ሐምሌ 27 ቀን 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። የመጨረሻዎቹ የወጡት በ2010 ዓ.ም. ነው።

ያኔ የእስረኛውን ጉዳት የሚመዘግብ፣ ጠበቃ የሚያፈላልግ፣ መግለጫ የሚያወጣ ማኅበር ስንፈልግ አጣን። የት ሄዱ? በመጀመሪያው አዋጅ ሲዳከሙ እኛ ዝም ብለን ነበር። መብት እንደ ወንዝ ዳር ማሳ ነው፤ ጎርፉ በመጀመሪያ የሚሸረሽረው የጎረቤትን ወሰን ነው።

ሁለቱም አዋጆች በኋላ በሌላ መተካታቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ አድሎ ይሆንብኛል፤ የማኅበራቱ በ2011፣ የፀረ ሽብሩ በ2012። ነገር ግን ያው የሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) በታኅሣሥ 2017 እንደገና ታግዶ ነበር፤ እገዳው የተነሣለት ከወራት በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን ከሙስሊሙ መድረኮች ስለዚህ የተነሣ ቃል ስንቶቻችን ሰማን?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ገና ወጣት ሳሉ፣ ከነቢይነታቸው በፊት፣ ከየመን ዘቢድ የመጣ አንድ ነጋዴ በመካ ተበደለ። አል-ዓስ ኢብን ዋኢል የተባለ የቁረይሽ ባለ ጸጋ ዕቃውን ወስዶ ዋጋውን ከለከለው። ሰውየው ዘመድ የለውም፤ አቡ ቁበይስ ተራራ ላይ ወጥቶ ጮኸ። የቁረይሽ ሰዎች በዐብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው የተበደለ ማንም ይሁን ማን ከጎኑ ለመቆም ተማማሉ፤ የነጋዴውንም ሐቅ አስመለሱለት። ሒልፉል ፉዱል የሚባለው ቃል ኪዳን ይህ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በዚያ ተገኝተው ነበር፤ በኋላም በእስልምና ዘመን ወደ እንዲህ ያለው ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። ልብ እንበል! ተበዳዩ ሙስሊም አልነበረም፤ የተማማሉትም ሙስሊሞች አልነበሩም።

እኛም ዕዳ አለብን። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ የሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ሲሰማ ከመቶ ሺህ በላይ በተባለው ሰልፍ ውስጥ ክርስቲያን ወገኖቻችንም ነበሩ። በዓሎቻችን የሕዝብ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ በሚያዝያ 2014 ጎንደር ላይ ሙስሊሞች ሲገደሉ ጮኸን፤ በዚያው ሳምንት ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ ከመሪዎቻችን መግለጫ ባሻገር፣ የተራው ሙስሊም ድምፅ ቀጭን ነበር። በሱረቱ አን-ኒሳእ አላህ (ሱ.ወ.) በራሳችሁም ላይ ቢሆን ለፍትሕ ቁሙ ይለናል። አክሱም ላይ በ2017 ዓ.ም. በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታ ለተከለከሉት ልጆቻችን ሌላው እንዲናገርልን የምንሻ ከሆነ፣ ይህ አንቀጽ ከእኛ ይጀምራል።

አሁን ለሮቢቱ አባት ልመልስ። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ቆቦ ላይ ሰላማዊ ሰዎች በትግራይ ተዋጊዎች ሲገደሉ ስልክ ተቋርጦ ነበር። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። አዋጁ በግንቦት 2016 ቢያበቃም፣ በመስከረም 2017 በክልሉ የጅምላ እስር መካሄዱን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ዘግቧል። በዚህ ሁሉ መሐል አፉን ለያዘ የራያ ሰው፣ ዝምታህ ጥፋት ነው የምለው ምን ነክቶኝ ነው? አፍን መዝጋትና አፍ መዘጋት የተለያዩ ናቸው። የሚጠየቀው መንገዱ ክፍት ሆኖለት፣ መብራት በርቶለት፣ መድረክ ኖሮት ዝም ያለው ነው፤ የአዲስ አበባው፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ያለው የመስጂድ ኮሚቴ፣ ብዕር የያዝኩት እኔ።

ያን ማታ እኚያ አባት ስለ አውጫጭኝ አጫወቱኝ። በድሮ ጊዜ ወንጀል ሲሠራ የአገሩ ሰው በአንድነት ይሰበሰብና ያየ ያየውን እስኪናገር አይበተንም ነበር። ወንጀለኛው ካልተገለጠ ጉዳቱን መላው አገር ይከፍላል። «ዝም ያለም ይከፍላል» አሉ። ይህን ልጽፈው ነው ስላቸው ፈቀዱ። ስማቸውን ስጠይቃቸው ግን ወደ ዋናው መንገድ ቃኘት አደረጉና፣ «ስሙን ተወው ልጄ፣ ሮቢት ብቻ በል» አሉኝ።